የፋሲል ግቢ ከንጉሥ መኖሪያነት እስከ ሀገር ጐብኝዎች መታያነት

(በጅቡቲ ከተማ በአርሂባ ለመምህራንና ለተማሪዎች ወላጆች የተደረገ ንግግር)



ስለ አንድ ሕንፃ ታሪክ መናገር በመጀመሪያ ሲታይ ቀላል ነገር ይመስላል። ማን አሠራው፥ መቼ ተሠራ፥ ቁመቱስ ምን ያህል ነው ብሎ ጠይቆ መልሱን መናገር ይበቃል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሕንፃ የድንጋይና የኖራ ክምር ብቻ አይደለም። ያሠራው ንጉሥ አሳብ፥ ድንጋዩን የጠረበው ሰው ላብ፥ በአዳራሹ የተፈረደው ፍርድና የተበላው ግብር፥ በመጨረሻም ጥለውት የሄዱትና ተመልሰው የመጡበት ሰዎች ታሪክ ሁሉ በግድግዳው ውስጥ አለ። ዛሬ የሚነገረው በጎንደር ከተማ ስለሚገኘው ስለ ፋሲል ግቢ ሲሆን፥ ንግግሩ በሦስት ይከፈላል። በመጀመሪያ ግቢው እንዴት እንደ ተመሠረተ፥ በሁለተኛ እንዴት እንደ ተጐዳና ኋላም ለሀገር ጐብኝዎች መታያ እንደ ሆነ፥ በሦስተኛ ደግሞ ይህ ለውጥ በመምህራንና በወላጆች ላይ ምን ዐይነት ግዴታ እንደሚጥል ይገለጻል።

ንግግሩ የሚደረገው በጅቡቲ ስለ ሆነ፥ ዓመታቱ የተቈጠሩት እዚህ በሚሠራበት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ከጎንደር ይህን ያህል ርቆ በሚገኝ የባሕር ዳር ከተማ ስለ ጎንደር ግንብ መናገር ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ከታሪኩ ውስጥ ይገኛል። የአፋር ጠረፍ መንገድና የጅቡቲ ስም በግቢው ታሪክ ውስጥ እየመጡ ይነሣሉና።

ከጎንደር በፊት የኢትዮጵያ ነገሥታት ለብዙ ዘመን በአንድ ከተማ ተቀምጠው አልኖሩም። ንጉሡ ባለበት ሰፈሩ፥ ሰፈሩም ባለበት ከተማው ነበረ። የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይተከላል፤ ቀኙም ግራውም፥ ፊቱም ኋላውም በሥርዓት ይሰፍራል፤ በአካባቢው ያለው እንጨትና ስንቅ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉ ተነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ይጓዛል። ይህ አኗኗር ሀገሩን በየአውራጃው እየዞሩ ለመግዛትና ለመዝመት ቢመችም፥ የሚጸና ሕንፃ፥ የሚከማች መጽሐፍ፥ የሚደራ ገበያ ለማቆም ግን አይመችም ነበር።

በ16ኛው ምእተ ዓመት ማለቂያና በ17ኛው መጀመሪያ ላይ ነገሥታቱ ወደ ጣና ሐይቅ አካባቢ እየተሳቡ መጡ። በእንፍራዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብ በልማድ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል። ዐፄ ሱስንዮስ ደግሞ በጎርጎራና በደንቀዝ የድንጋይ ቤት አሠሩ። በኖራ መገንባትም በእርሳቸው ዘመን ተለመደ። ነገር ግን ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል ባስገደዱ ጊዜ፥ ሀገሪቱ እርስ በርሷ ተላለቀች። በ1632 ንጉሡ የሕዝቡን እልቂት አይተው የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁና መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስረከቡ።

ዐፄ ፋሲል መንግሥቱን የተረከቡት እንግዲህ ከደም በኋላ ነው። የኢየሱሳውያንን መነኮሳት ከሀገር አስወጡ፤ የተከፋፈለውንም ሕዝብ ለመሰብሰብ ደከሙ። በ1636 ገደማ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ጎንደርን መሠረቱ። ስለ አመሠራረቷ የሚነገረው አፈ ታሪክ ብዙ ነው። ንጉሡ በአደን ላይ ሳሉ አንድ ጎሽ ተከትለው ወደ ስፍራው እንደ ደረሱ ይነገራል። ደግሞም የመንግሥቱ መቀመጫ ስሙ በ«ጎ» በሚጀምር ቦታ ይሆናል የሚል ትንቢት ነበረ ይባላል። ይህን አፈ ታሪክ ሕፃናት ቢሰሙት መልካም ነው። አስተማሪው ግን አፈ ታሪክ መሆኑን ሳይሰውር፥ ከዚሁ ጋር የቦታውን ጥቅም ማስረዳት አለበት። ስፍራው ውሃ አለው፤ በደጋና በቈላ መካከል ያለ ነው፤ ወደ ምጽዋና ወደ ስናር የሚሄደው የነጋዴ መንገድ ይገናኝበታል፤ የጣናም አገር እህል ቅርቡ ነው።

ግንቡን ካዩት የመጀመሪያዎቹ የውጭ ሀገር ሰዎች አንዱ የየመን መልእክተኛ የነበረው ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ ነው። ይህ ሰው የየመን ኢማም ልኮት ከሞካ ተነሣ፤ ባሕሩን ተሻግሮ በአፋር ጠረፍ በምትገኘው በቤይሉል ወረደ፤ የአፋርንም በረሃ በብዙ ድካምና ሥጋት አቋርጦ በ1648 ጎንደር ገባ። ኢማሙ ንጉሡ ይሰልማሉ ብሎ ተስፋ ሲያደርግ፥ ዐፄ ፋሲል ግን ያሰቡት ሌላ ነበር። ምጽዋ በቱርኮች እጅ ስለ ነበረች፥ ከቱርኮች ቀረጥ ነጻ የሆነ ሌላ የባሕር በር በዚህ በአፋር ጠረፍ በኩል ለማግኘት ይመኙ ነበር። የመልእክቱ ነገር ለሁለቱም ሳይሳካ ቀረ። መልእክተኛው የጻፈው የጉዞ ታሪክ ግን ለትውልድ ተረፈ፤ በዚሁ ጽሑፍ በጎንደር ያየውን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ከፍ ያለ ሕንፃ እያደነቀ ገልጾታል፤ የሠራውም ባለሙያ ሕንዳዊ መሆኑን ጽፏል። ስለዚህ የግቢው ታሪክ ከተጻፈባቸው ጥንታውያን ምስክርነቶች አንዱ የመጣው በዚህ ጠረፍ ላይ በተጓዘ ሰው ብዕር ነው።

ይህ ምስክርነት አንድ ትልቅ ስሕተት ለማረም ይረዳል። ብዙ ሰዎች ግንቡን ያዩ እንደ ሆነ ወዲያው «ፖርቱጋሎች የሠሩት ነው» ይላሉ። ነገር ግን ግንቡ የተሠራው ንጉሡ የኢየሱሳውያንን መነኮሳት ካባረሩ በኋላ ነው። የአሠራሩን ዘዴ ብንመለከት ከሕንድም፥ ከፖርቱጋልም፥ ከዐረብም የተገኘ ትምህርት ይታይበት ይሆናል፤ ዓለሙ ሁሉ እርስ በርሱ የሚማማርበት ዘመን ነበርና። በሕንድ ሀገር የታጅ ማሐል መቃብር መሠራት የጀመረው ዐፄ ፋሲል በነገሡበት በ1632 ነው። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥቱን ወደ ቬርሳይ ያዛወረው ደግሞ በ1682 ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ የጎንደር ግንብ ከ30 ዓመት በላይ ያስቈጠረ ነበር። ከሌላ የተማሩትን በራስ ድንጋይ፥ በራስ እጅና በራስ ጠባይ አስማምቶ መሥራት ደግሞ መኰረጅ ሳይሆን ሥልጣኔ ይባላል።

የእጁ ነገር ከተነሣ ዘንድ፥ ድንጋዩን የጠረቡትና ያነባበሩት እነማን ናቸው? የነገሥታቱ ስም በየዜና መዋዕሉ ተጽፎ ሲኖር፥ የግንበኞቹ ስም ግን አልተጻፈም። ይሁን እንጂ ከግንበኞቹ፥ ከአናጢዎቹና ከብረት ሠራተኞቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን እንደ ነበሩ በታሪክ የታወቀ ነው። እነዚህ ሰዎች በሙያቸው ለቤተ መንግሥቱ ሲያገለግሉ፥ በሕዝቡ ዘንድ ግን «ቡዳ ናቸው» እየተባሉ ይገለሉ ነበር። በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገው ጉባኤም ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። የንግዱን ሥራ የሚያካሂዱት ሙስሊሞች በቀሃ ወንዝ አጠገብ ሰፈሩ። ግንቡ እንግዲህ የጥበብ ምልክት እንደ ሆነ ሁሉ የመለያየትም ምስክር ነው። ይህን መናገር ግንቡን ማዋረድ አይደለም፤ የታሪኩን ሙሉ መልክ ማሳየት ነው እንጂ።

ግቢው በአንድ ንጉሥ ዘመን ተሠርቶ ያለቀ አይደለም። 70,000 ካሬ ሜትር ያህል የሚሰፋውና 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቅጥር የተከበበው ስፍራ፥ የብዙ ትውልድ ሥራ ነው። የዐፄ ፋሲል ግንብ በአራቱ ማዕዘን እንቁላል የመሰለ ክብ ጕልላት ስላለው «እንቁላል ግንብ» ይባላል፤ ቁመቱም 32 ሜትር ያህል ነው። ግድግዳው በጥቍር ቡናማ ድንጋይ ሲገነባ፥ የበሩና የመስኮቱ ቅስት በቀይ ድንጋይ ተለይቶ ተሠርቷል። ከላይ ካለው ሰገነት ሆነው ሲመለከቱ የጣና ሐይቅ በሩቅ ይታያል። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍት ጨመሩ። ልጃቸው ታላቁ ኢያሱ፥ ከ1682 እስከ 1706 የነገሡት፥ ጣራው እንደ ኮርቻ የሆነ ግንብ አሠሩ። ውስጡም በዝሆን ጥርስ፥ በወርቅ ቅብና በመስተዋት ያጌጠ እንደ ነበረ ይነገራል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠሩትም እርሳቸው ናቸው። ዐፄ ዳዊት የዘፈን አዳራሽ፥ ዐፄ በካፋ የግብር አዳራሽና የፈረስ ጋጣ፥ እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ የራሳቸውን ግንብ አቆሙ። እቴጌዪቱ ከከተማው ውጭ በቍስቋም ተራራ ሥር ሌላ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል።

ግቢው 12 በሮች ነበሩት። ስማቸውን ብቻ መስማት የቤተ መንግሥቱን አኗኗር ያስተምራል። የዳኞች የሆነው ወምበር በር፥ የተዝካር ግብር የሚገባበት ተዝካሮ በር፥ የነጋሪዎችና የነፊዎች የሆነው እምቢልታ በር፥ የፈረሰኛው አለቃ የሆነው ባልደራስ በር፥ ደግሞም ራስ በር፥ እልፍኝ በር፥ እርግብ በር ይባሉ ነበር። እያንዳንዱ ሰው በመዓርጉና በሥራው በተወሰነለት በር ይገባል። ዛሬ ጐብኝው ሁሉ ትኬቱን ቈርጦ በአንድ በር ይገባል። በዘመን መካከል የሆነውን ለውጥ ከዚህ ይልቅ አሳጥሮ የሚያስረዳ ምልክት ማግኘት ያዳግታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል፥ ማለት ወደ መጐዳቱና ወደ መለወጡ እናልፋለን። ሕንፃ የሚፈርሰው በዝናብና በነፋስ ብቻ አይደለም። የታላቁ ኢያሱን ግንብ በ1704 የመሬት መናወጥ ጐዳው። ከዚያ የከፋው ግን የሥልጣን መናወጥ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ያገኘው ነገሥታቱ በመኳንንቱ እጅ መጫወቻ የሆኑበትን ዘመን ነው። ይህ ሰው በቍስቋም በፈንጣጣ የታመሙ የቤተ መንግሥት ልጆችን አክሞ ነበር። በ1790 ያሳተመው መጽሐፉም የጎንደርን ስም በአውሮፓ አሰማ። ከ1769 እስከ 1855 በቈየው በዘመነ መሳፍንት፥ ግንቡ ስም ብቻ የቀረላቸው ነገሥታት መኖሪያ ሆነ።

ዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥቱን አንድ ሲያደርጉ መቀመጫቸውን ወደ ደብረ ታቦር አዛወሩ። በ1864 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሀብት አስወሰዱ፤ በ1866ም ከተማዪቱን አቃጠሉ። ወደ መቅደላ ከተጋዙት መጻሕፍት ብዙዎቹ በ1868 በእንግሊዝ ጦር እጅ ገብተው ከሀገር ወጡ። በ1888 ደግሞ የሱዳን መሐዲስቶች ጎንደርን ወረው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ ከእሳቱ ከተረፉት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። የጥፋቱ አጥፊ አንድ ወገን ብቻ አለመሆኑ እዚህ ላይ ልብ ይባል። የሀገር ልጅም፥ ጐረቤትም፥ ባሕር ማዶ የመጣም ሁሉ በየተራው እጁን አሳርፎበታል።

ከዚህ ቀጥሎ የጅቡቲ ስም ሁለተኛ ጊዜ ይነሣል። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ ከ1931 እስከ 1933 ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን አቋርጦ ተጓዘ፤ መጠሪያውም «የዳካር ጅቡቲ ጓድ» ነበር። በ1932 ጎንደር ላይ ወራት በተቀመጠ ጊዜ፥ በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የነበሩትን የጎንደር ዘመን ሥዕሎች አስነቀለ፤ በስፍራቸውም አዲስ የተሣሉ ቅጂዎች አስለጠፈ። እውነተኞቹ ሥዕሎች ወደ ፓሪስ ተወስደው ዛሬም በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። አጥኚዎቹ ሥዕሎቹን ከመጥፋት አዳንናቸው ይሉ ነበር። ድርጊቱን በዚህ መልክ ማየት የሚቻል ቢሆንም፥ ልጅን ከታመመችው እናቱ ወስዶ ማሳደግና እናቲቱ ከዳነች በኋላም አለመመለስ አንድ ነገር አይደለም። የጎንደር ሕፃን የአያቶቹን ሥዕል ለማየት ፓሪስ መሄድ ሲያስፈልገው፥ የታሪኩ አንዱ ገጽ ከመጽሐፉ ተገንጥሎ ወጥቷል ማለት ነው።

የኢጣልያ ጦር ጎንደርን በሚያዝያ 1936 ያዘ፤ ከተማዪቱንም የአማራ ግዛት ብሎ ለሰየመው ክፍል ዋና ከተማ አደረጋት። የፈረሱት ግንቦች ተጠግነው ለጽሕፈት ቤትነት አገለገሉ። ነገር ግን ጥገናው የተደረገው በሲሚንቶና በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት ነበር። ሲሚንቶ ደግሞ ከኖራ ጋር አይስማማም። ኖራ እርጥበቱን እያስወጣ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ ያን ጊዜ ድንጋዩ ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። ሊያጸናው የመጣው ነገር እንዲህ አደከመው። በ1941 እንግሊዞችና ኢትዮጵያውያን አርበኞች ጎንደርን ለማስለቀቅ ሲዋጉ፥ ከአውሮፕላን የተጣለው ቦምብ የታላቁ ኢያሱን ግንብ እንደ ገና ጐዳው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የኢጣልያ ጦር በጎንደር እጁን ሰጠ።

ከነጻነት በኋላ ግንቡ አዲስ ዕጣ ደረሰው። በ1961 የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት ሲቋቋም በመሪነት የተሾሙት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ፥ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መጠሪያ ለሀገሪቱ አወጡ። ባሕር ዳርን፥ ጎንደርን፥ ላሊበላንና አክሱምን የሚያያይዘው የታሪክ መንገድ ተብሎ የታወቀው ጉዞም በአውሮፕላን ተጀመረ። ከዚያ በፊት ወደ ኢትዮጵያ ለሚመጣው የባሕር ማዶ ሰው የተለመደው በር ጅቡቲ ነበረች። በ1917 አዲስ አበባ የገባው የባቡር ሐዲድ ከመርከብ የወረደውን መንገደኛ ወደ ደጋው ያደርስ ነበር። አውሮፕላኑ ግን ቀን የሚፈጀውን መንገድ ወደ ሰዓት አሳጠረው፤ የነገሥታቱም ግቢ ከዓለም ጋር ተቀራረበ።

በ1979 ዩኔስኮ የፋሲል ግቢን ከዓለም ቅርሶች መዝገብ አገባው። መዝገቡ የያዘው በከተማው መካከል ያለውን ቅጥር ብቻ አይደለም፤ የፋሲል መዋኛን፥ ቍስቋምን፥ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፥ ጉዛራንና በጎርጎራ በኩል ያሉትንም ጭምር ነው። ከዚያም ወዲህ የጥገና ባለሙያዎች የኢጣልያኖቹን ሲሚንቶ በቀድሞው የኖራ አሠራር ለመተካት ሲደክሙ ኖረዋል። በዚህ ዘመንም ሰፊ እድሳት ተደርጓል። እንዲህ ሆኖ የንጉሥ መኖሪያ የነበረው ስፍራ የሕዝብ መታያ ሆነ።

ይህ ለውጥ ጥቅም አለው። ከጐብኝው ኪስ የሚወጣው ገንዘብ አስጐብኝውን፥ የሆቴል ሠራተኛውን፥ ባለ ጋሪውን ያኖራል። በወለቃ መንደር የሚሠራው የሸክላ ሥራ የሚሸጠው ለጐብኝው ነው። ሆኖም ሁለት አደጋ አለበት።

አንደኛው አደጋ ታሪኩ ለገበያ እንዲመች ተደርጎ መነገሩ ነው። ለጐብኝዎች በሚታተሙ ጽሑፎች ጎንደር «የአፍሪካ ካሜሎት» ትባላለች። ካሜሎት ግን በእንግሊዞች ተረት ውስጥ ብቻ የሚገኝ የንጉሥ አርተር ከተማ ነው። ጎንደር ተረት አይደለችም፤ ዜና መዋዕል፥ ዳኛ፥ ገበያ፥ ግንበኛና ግብር ከፋይ የነበራት ከተማ ናት። ደግሞም ግንቡን አይተው የአውሮፓ መካከለኛ ዘመን ቅሬታ ነው የሚሉ አሉ፤ በ1636 ግን በአውሮፓ ያ ዘመን ካለፈ ቈይቷል። አንድን ነገር ለማክበር የግድ ከሌላ ሰው ነገር ጋር ማመሳሰል የሚያስፈልገው ከሆነ፥ የራሱ ክብር ገና አልታወቀም ማለት ነው።

ሁለተኛው አደጋ የቅርሱ አጠባበቅ በእንግዳው መምጣት ላይ ብቻ መመሥረቱ ነው። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ጐብኝውን አስቀረው። ከዚያው ዓመት እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገው ጦርነት፥ በ2023ም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ሁኔታውን አባባሰው። በዚህም ምክንያት በጐብኝው ገንዘብ የሚኖሩት ብዙ ቤተ ሰቦች ተቸገሩ። እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚጠረግ ቤት፥ እንግዳው የቀረ ዕለት አቧራ ይውጠዋል። ቤቱን ባለቤቱ ስለሚኖርበት ሊጠርገው ይገባል።

ግቢው ከነሕይወቱ የሚታይበትን ጊዜ ለማወቅ የሚፈልግ የጥምቀትን በዓል ይመልከት። በፋሲል መዋኛ ውሃው ይሞላል፤ ታቦታቱ ያድራሉ፤ ካህናቱ ያሸበሽባሉ፤ በነጋም ጊዜ ሕዝቡ ይጠመቃል። በዚያ ቀን መዋኛው የመታያ ስፍራ መሆኑ ይቀርና የሥራ ስፍራ ይሆናል። ዩኔስኮ በ2019 የጥምቀትን በዓል ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር መዘገበው። ነገር ግን በሚቀጥለው በዓል፥ በጥር 2020፥ ለተመልካቾች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ 10 ያህል ሰዎች ሞቱ። ይህ ኀዘን የሚያስተምረው ነገር ግልጽ ነው። ለድንጋዩ የሚደረገው ጥንቃቄ በድንጋዩ ዙሪያ ለሚሰበሰበው ሰው ካልተደረገ፥ ቅርስ ጠበቅን ማለት አይቻልም።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ሦስተኛው ክፍል አጭር ነው፤ ሸክሙ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ከሀገሩ ርቆ ያደገ ሕፃን ጎንደርን የሚያውቃት በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሥዕል ወይም ለሠርግ በተዘጋጀ ቀን መቍጠሪያ ነው። ሥዕሉ ያምራል፤ ነገር ግን አይናገርም። የሚናገረው መምህሩና ወላጁ ነው። ከዚህ አንጻር ሦስት ነገሮች ይታሰቡ።

መጀመሪያ፥ ስለ ግንቡ ሲነገር ከንጉሡ ስም ጋር የሠራተኛው ሥራ ይነገር። «ግንቡን ማን ሠራው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ዐፄ ፋሲል» ብሎ የሚመልስ ተማሪ እውነት ተናግሯል፤ ግን ግማሹን ነው። ንጉሡ አዘዙ፤ ባለሙያው ለካ፤ ግንበኛው ጠረበ፤ ገበሬው ቀለበ። ይህን ያወቀ ልጅ የእጅ ሙያን አይንቅም። በጅቡቲ ወደብ የሚሸከመውንና የሚገነባውን ሰው በሚያይበት ጊዜም ታሪክ የሚሠራው በማን ትከሻ እንደ ሆነ ያስተውላል።

ሁለተኛ፥ ቁስሉ አይሰወር፤ ቂምም አይሁን። ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ማቃጠላቸውን የሚሰውር መምህር፥ ሌላው ያቃጠለውን ለመናገር አፉን ሊከፍት አይችልም። ሁሉም በልኩ፥ በዓመቱና በምክንያቱ ይነገር። ተማሪው የሚማረው ማንን እንደሚጠላ ሳይሆን፥ በሰላም ጊዜ የተሠራው በጠብ ጊዜ እንዴት ፈጥኖ እንደሚፈርስ ይሁን። የመቶ ዓመት ሥራ በአንድ ሌሊት ይነዳል፤ የአንድ ሌሊት ቃጠሎ ግን በመቶ ዓመት አይጠገንም።

ሦስተኛ፥ ልጁ የራሱ ስፍራ በታሪኩ ውስጥ እንዳለ ይወቅ። በአርሂባ ያደገው የአፋር ልጅ፥ የየመኑን መልእክተኛ በበረሃው መካከል የመሩት የአገሩን መንገድ የሚያውቁ ሰዎች እንደ ነበሩ ሲሰማ፥ ጎንደር የሩቅ ሰው ርስት ብቻ አለመሆኗን ይረዳል። ከደጋ የመጣውም ልጅ፥ የነገሥታቱ ከተማ ያለ ባሕር በር፥ ያለ በረሃ መንገድና ያለ ጐረቤት ሕዝብ ልትኖር እንዳልቻለች ያውቃል። ዐፄ ፋሲል ከሦስት ምእተ ዓመታት በላይ አስቀድመው የፈለጉት ወደዚህ ጠረፍ የሚያደርስ መንገድ ነበር። ዛሬ ሁለቱን ሀገሮች በሚያገናኘው ሐዲድና ጐዳና ላይ የሚመላለሰው ሕዝብ፥ ያን ምኞት ያለ መልእክተኛ ይፈጽመዋል።

የፋሲል ግቢ ከንጉሥ እጅ ወጥቶ ወደ ሕዝብ እጅ ገብቷል። ንጉሡ ግንቡን የሚጠብቁለት ዘበኞች ነበሩት፤ ሕዝብ ግን ቅርሱን የሚጠብቅለት ዕውቀቱ ነው። ኖራው በየጊዜው እንደሚታደስ ሁሉ ዕውቀትም በየትውልዱ መታደስ አለበት፤ የዚህ ሥራ ግንበኞችም መምህራን ናቸው። ስማቸው በዜና መዋዕል ላይጻፍ ይችላል፤ የቀደሙት ግንበኞችም ስም አልተጻፈም፤ ሥራቸው ግን እነሆ ቆሟል።